ከሰሌዳው እግር ስር የነበረው ወረቀት

ይህን የምጽፈው ወዳጄ ቀድሞኝ እንዳያወራው ነው። ወዳጄ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ መኪና ግርግር ላይ ስለሆነ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ሁሉ አንድ የእኔን ጉድ ሳይሰማ አይወጣም። እሱ ሲያወራው ደግሞ ከሆንኩት በላይ ቂል ያደርገኛል። የሆንኩት ራሱ ይበቃል፤ ጭማሪ አያስፈልገውም።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የልጄን ልጅ ፈተና አበላሸሁባት። አበላሽቼ ዝም አልኩ። ዝም ብዬም አልቀረሁ፣ ጥፋቱን ወደ እሷ ገፋሁት። እኔ እንግዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሐረር ውስጥ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ካነሳልኝ ወይ ተማሪዬ ነበር፣ ወይ ከሌላ ሰው ጋር አምታቶኛል።

ልጅቷ የሴት ልጄ ልጅ ናት። እናቷ ድሬዳዋ ሥራ ስለያዘች እኔ ጋ ነው ያደገችው፣ ከጀጎል ግንብ ፈላና በር ትንሽ ገባ ብላ ባለችው ቤቴ። አሁን ባንክ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት የሥራ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ እስከ አስፋልቱ በሸበጥ ትወርዳለች፤ የእኛ ሰፈር ድንጋይ ተረከዝ አይወድም። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ውጭ አገር ባለ አንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ማስተርስ ለመማር ልታመለክት እንደሆነ ነገረችኝ።

«መግቢያ ፈተና አለው፣ አባባ» አለችኝ።

«ፈተና!» አልኩና ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ጡረታ የወጣ ወታደር ጥሩንባ ሲሰማ እንደሚሆነው ነው የሆንኩት።

«ይቀመጡ እስቲ፣ ልንገርዎት። ፈተናው ብቻውን አያስገባም። የሠራሁትን ሥራ ያያሉ፣ አለቃዬ የሚጽፍልኝን ደብዳቤ ያያሉ፣ ለምን መማር እንደፈለግኩ የምጽፈውን ያያሉ። ግን ከየአገሩ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚያዩት በፈተናው ነው። እኔ የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስሙን እንኳ ሰምተው አያውቁም። ውጤቴ ጥሩ ከሆነ ‹ይቺ ደግሞ ማናት› ብለው ፋይሌን ይከፍቱታል። ዝቅ ካለ ሌላውን ሁሉ ሳያነቡት ሊያልፉኝ ይችላሉ። የነፃ ትምህርት ዕድሉንም የሚሰጡት ውጤት አይተው ነው። እሱን ካላገኘሁ ደግሞ መሄድ የለም።»

ከዚህ ሁሉ እኔ ጆሮ ውስጥ የገባው ፈተና የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳዬን ከዕቃ ቤት አወጣሁ። አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት እኔንና ሰሌዳውን በአንድ ቀን ነው ያሰናበተን፤ ሁለታችንም አርጅተናል ተባልን። ግቢ ውስጥ አቆምኩት። የግቢያችን ድንጋይ እኩል ስላልሆነ አንዱ እግሩ አንጠልጠል አለና ጠመኔ ባስነካሁት ቁጥር መንገዳገድ ጀመረ። ልጅቷ በዚያው መሐል ከመሥሪያ ቤቷ አትማ ያመጣችውን ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«አባባ፣ መጀመሪያ ይህን ያንብቡት። የፈተናው ደንብ ነው።»

«ደንብ ይለዋወጣል፤ ሒሳብ ያው ሒሳብ ነው» አልኳትና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ከሰሌዳው እግር ስር ከተትኩት። ልክክ አለ። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ቆመ። «አየሽ? ለዚህ ጠቅሞናል» አልኩ። ሳቀችልኝ። በዚያ ቀልድ እኮራ ነበር።

የእኔ አስተማማር ሦስት ቃል ነው፦ ጊቨን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን። መጀመሪያ የተሰጠው ይጻፋል። ቀጥሎ የሚፈለገው ይጻፋል። ከዚያ መፍትሔው አንድም ደረጃ ሳይዘለል ይወርዳል፤ መልሱ ስር በማስመሪያ ሁለት መስመር ይሰመራል። ይህን ያላደረገ ልጅ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ እኔ ዘንድ ግማሽ ነው የሚያገኘው። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ከሦስቱ ቃላት በአንዱ ይጠሩኝ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

«አባባ፣ እዚያ እኮ አሠራሩን የሚያይልኝ ሰው የለም። ኮምፒውተር ነው። መልሱን ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ኮምፒውተሩ ባያይ እግዚአብሔር ያያል።»

«ለአንዱ ጥያቄ ያለኝ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው።»

«ሁለት ደቂቃ እንቁላል እንኳ አይቀቅልም! ማን ነው ይህን ያወጣው?»

«ካላወቅኩትስ? ገምቼ ልለፈው?»

እዚህ ላይ ጠመኔውን አስቀምጬ፣ እጄን አራግፌ፣ ኮቴን አስተካክዬ ነው የመለስኩላት። ሰው ስለ ራሱ ጨዋነት ሲናገር ኮቱን የሚያስተካክለው ለምን እንደሆነ አላውቅም። «መገመት ማለት የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆኖ መፈረም ነው። በእኔ ቤት አይደረግም። ሳታረጋግጪ እንዳትነኪው።»

ባንክ ውስጥ ስንቱን ደንበኛ እምቢ የምትል ልጅ እኔን እሺ አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እሺ ስትል ቆየች። ስምንት ደብተር ሞላች። በየገጹ ጊቨን፣ በየገጹ ሪኳየርድ፣ በየገጹ ሁለት መስመር፣ በየገጹ የእኔ ቀይ እርማት። እኔም በየሳምንቱ መኪና ግርግር እየወረድኩ ወዳጄ ሱቅ ደጃፍ ላይ እለፈልፍ ነበር። «ይቺ ልጅ ስትገባ ትምህርት ቤቱ ‹ማን ነው ያስተማራት› ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም» አልኩት አንድ ቀን።

«ማሻአላህ!» አለ ወዳጄ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ። «የምትፈተነው እሷ ናት ወይስ አንተ?»

ፈተናው አዲስ አበባ ነበር። ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። እኔ ሸሚዝ ቀይሬ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ አስገዝቼ ግቢ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ባጃጁ ሲቆም ሰማሁ። ገባች፤ ሳመችኝ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

«ሰባት ጥያቄ ሳላየው ሰዓቱ አለቀ» አለች።

«እንዴት ሰባት?»

«እንደ ተማርኩት እየጻፍኩ ነበር። አንዱ ከበደኝ፤ እንዳላልፈው አላረጋገጥኩም፤ ተቀመጥኩበት። ቀና ስል ደቂቃው የለም። ውጤቱ እዚያው ነው የወጣው። ትምህርት ቤቱ ከሚቀበላቸው ሰዎች በጣም ያንሳል።» የጫማዋን ማሰሪያ በጣቷ ትጠቀልላለች። «የእኔ ጭንቅላት ለዚህ አይሆንም መሰለኝ፣ አባባ።»

ይህን ክፍል ዘልዬው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣው ምን መሰላችሁ? «ልምምድ አሳንሰሽ ይሆናል። ስልክ ላይም ትበዢ ነበር» አልኳት።

«ይሆናል» አለች።

በቃ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ይሆናል» ብላ ሸበጧን አጥልቃ ገባች። ተማሪ ሲወድቅ የወደቀው ተማሪው ነው፤ ሲያልፍ ግን ያሳለፈው መምህሩ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚህ ሒሳብ ነው የኖርኩት፤ የቤቴ ልጅ ላይ ሲደርስም አልቀየርኩትም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግማ መፈተን ትችል ነበር። አልፈልግም አለች። የመለማመጃ መጻሕፍቷን ለሥራ ባልደረባዋ ሰጠች። እኔም ሰሌዳውን ወደ ዕቃ ቤት ልመልስ ሳነሳው ያቺ አራት የታጠፈች ወረቀት ድንጋዩ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ልጥላት አነሳኋት። ከዚያ መነጽሬን ፈለግኩ።

በወፍራም ጽሑፍ ነው የተጻፈው። ሰዓቱ ሲያልቅ ያልተደረሰበት ጥያቄ ከተሳሳተ መልስ የበለጠ ውጤት ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ እርግጠኛ ካልሆኑ የተሻለ የመሰለዎትን መርጠው ይለፉ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። እንግሊዝኛው የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ አልገባኝም ልበል ብል እንኳ አያስብልም። ለሁለት ወር ሰሌዳዬን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ወረቀት ይህን ነበር የሚለው።

ያን ዕለት ልነግራት ይገባኝ ነበር። ቤት ውስጥ ነበረች። ከእኔ እስከ እሷ አሥር እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ወረቀቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ አቅጣጫ በእግሬ ሄድኩ፤ ለጉልበትህ ብለህ ዳገት እንዳትወጣ ብሎ ሐኪም የከለከለኝ ሰውዬ! አሥራ አንድ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ገበያ ይዤው ሄድኩ። ቅዳሴ ላይ ስሰግድ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ አጠገቤ የቆመው ሰው ዞር ብሎ አየኝ፤ ከረሜላ የምፈታ መስሎት ይሆናል።

በአሥራ አንደኛው ቀን የኮቴ ቁልፍ ተበጥሶ ወዳጄ ጋ ሄድኩ። ኮቱን ተቀብሎ እየሰፋ «ልጅቷስ?» አለኝ።

«ሒሳቡ ከበዳት፤ ሳትጨርስ ሰዓቱ አለቀ» አልኩት።

«የአንተ ልጅ? ሒሳብ?»

«ምን ላድርግ፣ ሁሉም ሰው አይችለውም።»

የስፌት መኪናውን ጎማ በእጁ ያዘና አቆመው። ከንፈሩ መሐል የያዛትን መርፌ አወጣ። «ስንት ጥያቄ ቀረባት?»

«ሰባት። ሳታረጋግጪ አትንኪ ብያት ነበር።»

«አንተ?» አለኝ። «አንተ ነህ እንዲህ ያልካት?»

ምን ለማለት እንደፈለገ አውቄያለሁ። ይህን ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም፤ አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማትሪክ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው የተፈተንነው፤ እሱ ከኋላዬ ነበር። ፈታኙ አሥር ደቂቃ ቀረ ሲል እኔ ገና አሥራ አራት የሒሳብ ጥያቄ አላነበብኩም። ያን ዕለት ጠዋት ግቢው ውስጥ ስህተት መልስ ከትክክሉ ላይ ይቀነሳል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ወሬውን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ግን እርሳሴን አንስቼ ጥያቄዎቹን ሳላነብ የቀሩትን ክቦች አጠቆርኳቸው።

«ወላሂ፣ እርሳስህ ከዚህ መኪና ይፈጥን ነበር» አለ ወዳጄ። «ሲ፣ ሲ፣ ሲ እያልክ ስትወርድ ከኋላህ አየሁህ። እኔ ወሬውን አምኜ ባዶ ትቼ ወጣሁ። በትንሽ ነው የወደቅኩት፤ አንተም በትንሽ ነው ያለፍከው። አንተ መምህር ሆንክ፤ እኔ ሱሪህን አሳጥራለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ቅር አላለኝም፤ ቤቴም ከቤትህ ይሻላል።» ኮቱን መለሰልኝ። «ግን ልጅቷን ለምን እንደ እኔ አደረግካት?»

ገንዘብ አውጥቼ ዘረጋሁለት። የቁልፉን ዋጋ አልቀበልም አለኝ። ያም ራሱ አሳፈረኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለሰኞ የሚሆን ሸሚዟን ትተኩሳለች። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ካውያው አጠገብ አስቀመጥኩላት።

አነበበችው። «ይሄ የት ነበር?»

«ከሰሌዳው እግር ስር።»

«መቼ አነበቡት?»

እዚህ ላይ ልዋሽ ቃጥቶኝ ነበር። «አሥራ ሁለት ቀኑ ነው» አልኩ።

ካውያውን አቆመችው። «አሥራ ሁለት ቀን እኔ ደደብ ነኝ እያልኩ ስተኛ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«‹ስልክ ላይ ትበዢ ነበር› አሉኝ እኮ፣ አባባ።»

«አልኩሽ።»

ከዚያ የማትሪኩን ነገርኳት። ሌላ የምሰጣት ነገር ስላልነበረኝ ነው። ምንም ሳልሸፍን ነገርኳት፤ እርሳሱን፣ አሥራ አራቱን ጥያቄ፣ ከኋላዬ የተቀመጠውን ልጅ።

«አሥራ አራቱንም ሲ?» አለች።

«ሁለቱን ቢ አድርጌያቸዋለሁ። እንዳይነቃብኝ።»

ሳቋ ሳትፈልግ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ሞላ። ሸሚዟን ሳትጨርሰው አንስታ ገባች። ሁለት ቀን «እንዴት አደሩ» እና «ደህና ይደሩ» ብቻ ነበር። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ መድኃኒቴን ታስታውሰኛለች፣ አታነጋግረኝም። ተቆጥታኝ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መጻሕፍቷን ከባልደረባዋ አስመልሳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ስልኳን እኔ ፊት አስቀመጠች።

«ሥራዎ አንድ ነው። ይህ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ‹እለፊ› ይላሉ። ሌላ ቃል አይናገሩም።»

«ሪኳየርድም አልልም?»

«እሱን በተለይ አይበሉ።»

እንግዲህ እኔ በስተርጅና የሰዓት ደወል ሆንኩ። አንድ ደረጃ ብቻ ቀርቷት፣ መልሱ ለእኔ ቁልጭ ብሎ እየታየኝ፣ ደቂቃው ይሞላል፤ «እለፊ!» እላለሁ፤ ጥርሴን የነቀሉኝ ያህል ይሰማኛል። እሷ ግምቷን ነካ አድርጋ ታልፋለች። ከእኔ ይልቅ ፈጥና ለመደችው። አንድ ቀን ጎረቤታችን በግንቡ ላይ ብቅ ብላ «መምህር፣ ምን አደረገችዎት? ሳምንት ሙሉ እለፊ እለፊ የሚሏት!» አለችኝ። ልጅቷ በሳቅ ወረቀቷ ላይ ተደፋች። ከዚያ ወዲህ ነው መነጋገር የጀመርነው።

ሁለተኛውን ፈተና ሄዳ ተፈተነች። ሁሉንም ጥያቄ ደረሰችበት። ውጤቷ ትምህርት ቤቱ ከሚቀበላቸው ሰዎች መሐል የሚያስቆማት ሆነ። ደስታዬን ግን እስከ ማታ እንኳ ይዤው አልዋልኩም፤ የነፃ ትምህርት ዕድሉ ማመልከቻ ከዘጠኝ ቀን በፊት ተዘግቷል። የአሥራ ሁለት ቀን ዝምታዬ ባይኖር ትደርስ ነበር። ይህን ስሌት ማንም አልሠራልኝም፤ እኔው ሠራሁት። የተሰጠው አሥራ ሁለት፣ ያለፋት ዘጠኝ። ሥሩንም ሁለት መስመር አሰመርኩበት። እሷ «ለሚቀጥለው ዓመት አመለክታለሁ፣ ውጤቱ አይበላሽም» አለች፤ ስለ ዘጠኙ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ባንክ የሚሠራ ሰው ግን መቁጠር አይሳነውም።

ቀጣዩ ዙር ሲከፈት ማመልከቻውን አብረን ተቀምጠን ነው የሞላነው፤ ማለት እሷ ሞላች፣ እኔ መነጽሬን ጠረግኩ። ቅጹ የተፈተነችውን ፈተና ሁሉ ጻፊ ይላል፤ ሁለቱም ውጤት ይታያል። ከታች አንድ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ስለ ውጤትሽ የምታስረጂው ካለ እዚህ ጻፊ የሚል። አምስት መስመር ጻፈችና እንግሊዝኛውን ይዩልኝ ብላ አትማ ሰጠችኝ።

እንዲህ ይላል፦ በመጀመሪያው ፈተና የፈተናውን ደንብ በሚገባ ሳላጤን ገባሁ፤ ጊዜዬን በአግባቡ አልተጠቀምኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስህተቴን ካወቅኩ በኋላ አሠራሬን ቀይሬ ደግሜ ተፈተንኩ።

ቀይ ብዕሬን አነሳሁ።

«አባባ፣ ቀዩን ያስቀምጡት።»

«ይሄ ውሸት ነው። ደንቡን ሰጥተሽኛል፤ እኔ ነኝ ከእግር ስር የከተትኩት። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።»

«‹አያቴ ነው ያበላሸብኝ› ብዬ ልጻፍ? ለቢዝነስ ትምህርት ቤት?»

«እውነቱ እሱ ነው!»

«እርስዎ ማትሪክ ላይ ያጠቆሩት ሁሉ እውነት ነበር?» አለች፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጉንጬን ሳመችኝና ማመልከቻውን ላከችው።

በአምስቱ መስመር ውስጥ እኔ የለሁም። ደጋግሜ ፈልጌያለሁ። ራሴን ባገኘው ይሻለኝ ነበር።

ተቀበሏት። የነፃ ትምህርቱንም አገኘች። በሚመጣው መስከረም ትሄዳለች፤ መሄድ የነበረባት ባለፈው መስከረም ነው። ሰፈሩ «መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት» ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ አልፍ ነበር፤ እነሱም ትሕትና ይመስላቸዋል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። አሁን ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ግማሾቹ አያምኑኝም። ወዳጄ «ደህና እያወራኸው ነው፤ የእርሳሱን ጋ ግን ቶሎ ቶሎ ታልፋለህ» ይለኛል።

ሰሌዳውን እንደገና ግቢ አውጥቼዋለሁ፤ የጎረቤት ልጆች አንዳንዴ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የደንቡን ወረቀት እሷ የሻንጣዋ ኪስ ውስጥ ከትታዋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰሌዳው ጠመኔ ባስነካሁት ቁጥር ይንገዳገዳል። ከእግሩ ስር እስካሁን ምንም አልከተትኩበትም።